«ባዶ» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት

ልጆቼ፣

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ እናቷ የላከችልኝን ድፎ ዳቦ በሰፌድ ይዛ በሬን አንኳኳች። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የትምህርት ክፍል ምደባ የወጣ ጊዜ «ፍልስፍና ደረሰኝ» ብላ ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሰች እናቷ ደረጃ ላይ አግኝታኝ ነግራኝ ነበር። ዳቦውን ካስቀመጠች በኋላ ልቀመጥ ልሂድ እያለች ትንሽ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ፌኖሜኖሎጂ ማለት ምንድን ነው? ለፈተናው ሸምድጄው ቢ ፕላስ አግኝቼበታለሁ። ግን አልገባኝም» አለችኝ።

እኔ ፈላስፋ አይደለሁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራሁት የመሬት ቅየሳ ነው። ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው፣ በረንዳዬ ላይ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ስለምታየኝ ብቻ ነው። ቢሆንም ይህን የፍልስፍና ዘርፍ ያወቅሁት በሥራዬ በኩል ነውና፣ ለእርሷ በቃል የጀመርኩትን እንደ እርሷ ተማሪ ለሆናችሁት ለእናንተም በጽሑፍ ላድርሰው። የምጠራቸው ዓመታት፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስሙ ልጀምር፤ ተማሪን አስቀድሞ የሚያስበረግገው ስሙ ነውና። ፌኖሜኖን በግሪክኛ ራሱን የሚያሳይ፣ የሚገለጥ ነገር ማለት ነው። በአማርኛ «ሥነ ክስተት» ያሉት ሰዎች ደኅና ቃል መርጠዋል። ዛሬ «ክስተት» ሲባል ጎርፍ፣ ግርዶሽ ወይም የመኪና ግጭት ይታሰበናል። በግእዝ ግን ከሠተ ማለት ገለጠ፣ የተሸፈነውን አሳየ ማለት ነው። ስለዚህ ሥነ ክስተት ነገሮች ለእኛ እንዴት እንደሚገለጡ የሚመረምር ትምህርት ነው። ከምን እንደተሠሩ ፊዚክስ ይጠይቅ፤ ማን ወይም ምን እንዳመጣቸው ሌላው ይጠይቅ። ይህኛው የሚጠይቀው ስለ አገላለጣቸው ነው።

ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ለፈተና የሸመደደችው የሃንድአውቱ ድካም ተመልሶ ሲመጣ አየሁ። ትርጉም በትርጉም ላይ ቢከመር የትም አያደርስም። በረንዳ ላይ ወሰድኳት።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ አዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ በኩል አልቃ የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ኮረብታውን እንዲህ ብሎ የሰየመው ሰው ከፍታውን አልለካም፤ እንዴት እንደታየው ነው የተናገረው። ከበረንዳዬ፣ በሁለት ብሎኮች መሐል፣ የረር ተራራ ይታያል።

«ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«የረር።»

«ስንት ጎኑ?»

ቆየት ብላ፣ «ወደዚህ የዞረው ብቻ።»

«ታዲያ ለምን ግማሽ ተራራ አላልሽኝም?»

ዝም አለች። ዝምታው ከሃንድአውቱ የተሻለ ትምህርት ነበረው። የተራራው ጀርባ ለዓይኗ አልደረሰም፤ ያየችው ግን ጀርባ የሌለው ተራራ አይደለም። ያልታየው ጎን በታየው ጎን ውስጥ፣ «ዞረሽ ብትመጪ እንዲህ ሆኜ ታገኚኛለሽ» እያለ አብሮ አለ። በእጃችሁ የያዛችሁት የቡና ስኒም እንደዚሁ ነው። ስኒን በሙሉ ጎኑ ባንድ ጊዜ ያየ ሰው የለም፤ ስኒ አየሁ ሲል ግን ማንም አይዋሽም። የዚህ ፍልስፍና መሥራች ኤድመንድ ሁሰርል ይህን በታየው ዙሪያ ያለውን ያልታየ ነገር አድማስ ይለዋል። እኛ ቀያሾች ቃሉን ለሌላ ነገር ስናውለው ኖረናል፤ የእርሱን ትርጉም ካወቅኩ ወዲህ ግን መነጽሬን ወደ ሩቅ ባዞርኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሁሰርል በ1859 ሞራቪያ በምትባል፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለች አገር ተወለደ። የሒሳብ ሰው ነበር። በ1883 ዶክትሬቱን ቪየና ላይ ያገኘው በሒሳብ ሲሆን፣ በርሊን ላይም ለታላቁ የሒሳብ ሊቅ ለካርል ቫየርሽትራስ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ወደ ቪየና ተመልሶ የፈላስፋውን የፍራንዝ ብሬንታኖን ትምህርት ሲሰማ ነው ልቡ ወደ ፍልስፍና ያዘነበለው። ይህን የማነሣው፣ «ፌኖሜኖሎጂ ስሜት ነው፣ ሒሳብ የከበደው ሰው መሸሸጊያ ነው» የሚሉ መምህራን ስላጋጠሙኝ ነው። በ1900 እና በ1901 በሁለት ቅጽ ያወጣው ትልቁ ሥራው፣ የሎጂክ ሕግ የአእምሮ ልማድ ነው የሚሉትን የሚሞግት ነው። ሁለትና ሁለት አራት የሚሆነው አንጎላችን እንዲያ ስለተሠራ አይደለም ይላል። ይህ የስሜት ሰው አነጋገር አይደለም።

ከብሬንታኖ የወሰዳት አንዲት ሐሳብ አለች፤ በየመጽሐፉ ስለምትገኝ በደንብ ያዟት። ሐሳብ ሁልጊዜ የአንድ ነገር ሐሳብ ነው። ማየት አንድ ነገር ማየት ነው፤ መናደድ በአንድ ነገር ላይ መናደድ ነው። አእምሯችን ዕቃ የሚከማችበት ጓዳ አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ ውጭ፣ ወደ አንድ ነገር የተቀሰረ ነው።

ይህችን ሐሳብ ያስረዳኝ መጽሐፍ ሳይሆን ጋቢ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከሰንዳፋ ወዲህ ባለ ሜዳ ላይ፣ አመሻሽ ላይ እንሠራ ነበር። ዘንግ ያዡ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። በእጄ ወደ ግራ አልኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ጮኽኩ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ብርሃኑ እየሄደብኝ ነው። በዘር ማንዘሩ እየረገምኩ ያንን ሁሉ የእርሻ ትልም እየዘለልኩ ስደርስ፣ ዘንጉ መሬት ተተክሎ ጋቢው ተሰቅሎበታል። ልጁ ለጉዳዩ ከቁጥቋጦው ጀርባ ተቀምጧል።

ስለዚህ ጉዳይ ዓይን ሐኪሙም ፊዚክስ አዋቂውም የሚሉት አላቸው፤ የሚሉትም ልክ ነው። ሥነ ክስተት ግን አስቀድሞ ሌላ ነገር ይጠይቀኛል፦ በተናደድክበት ሰዓት ምን ነበር የምታየው? እውነቱን ከተናገርኩ፣ አንዲት ግራጫ ነጠብጣብ አይቼ «ይህ ሰው ሳይሆን አይቀርም» ብዬ አልደመደምኩም። ያየሁት ሰው ነው፤ ያውም እልኸኛ ሰው። ዝምታው ንቀት ነበር። ጋቢ መሆኑ በታወቀ ቅጽበት ደግሞ የአሁኑ ብቻ ሳይሆን ያለፈውም ተለወጠ፤ ያ ዝምታ ወደ ኋላ ተመልሶ ንቀት መሆኑ ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሜዳው ላይ አንዲት ሳንቲ ሜትር የተነቃነቀ ነገር የለም። መሣሪያዬ ሁለቱንም ጊዜ የሚያነበው ያንኑ ቁጥር ነው።

አሁን ተማሪዎች ሁሉ የሚሰናከሉበት ቦታ ደረስን፤ ኤፖኬ። ቃሉ በግሪክኛ መግታት፣ መያዝ ነው። ሁሰርል ከሒሳብ ቅንፍ ወስዶ «ዓለምን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት» ይለዋል። ብዙዎች ይህን ሲያነቡ ዓለም የለም ያለ ይመስላቸዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ሁሉን ይጠራጠራል፤ ሁሰርል ግን አይጠራጠርም። የረር እንዳለ ያውቃል። የሚለው፣ ተራራው በእርግጥ መኖር አለመኖሩን፣ ከምን ድንጋይ እንደተሠራ፣ ምን እንዳፈለቀው የሚለውን ሙግት ለጊዜው ገታ አድርገህ፣ እንዴት እንደሚገለጥልህ ብቻ ተመልከት ነው።

በእኛ ሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀያሽ መሣሪያውን ሜዳ ላይ እንደተከለ አያነብም። ሦስቱን እግር ያስተካክላል፣ ቱንቢውን ከነጥቡ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ በውኃ ልኩ ውስጥ ያለችውን አረፋ ጠመዝማዛውን እያዞረ መሐል ያስገባታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሬቱ የትም አልሄደም። የሚስተካከለው አስተያየታችን ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መሬቱ መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል። ጠዋት መሐል የነበረችው አረፋ ከቀትር በኋላ ሸሽታ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ ደጋግሞ ማስተካከል ነው። ኤፖኬም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ አይደለም፤ ሁሰርል ራሱ ዕድሜ ልኩን «ጀማሪ ነኝ» እያለ መንገዱን ደግሞ ደጋግሞ ሲጀምር ኖሯል።

እኔ ከዚህ ሰው ጋር የተዋወቅሁት በስሕተት ነው። ለሥልጠና ሆላንድ ተልኬ ሳለሁ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር ሽፋኑ ላይ «ጂኦሜትሪ» የሚል ቃል ያየሁበትን መጽሐፍ ለሙያዬ ይሆነኛል ብዬ ገዛሁ። ማደሪያዬ ገብቼ ስገልጠው አንድም የሦስት ማዕዘን ሥዕል የለበትም። የሁሰርል ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ሲሆን፣ የቀረው ዣክ ዴሪዳ የተባለ ፈረንሳዊ የጻፈለት መግቢያ ነው። ከዋናው ጽሑፍ ብዙ እጥፍ የሚረዝም መግቢያ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገንዘቤን እያሰብኩ ተበሳጨሁ። ብስጭቱ ግን እንዳነብ አደረገኝ።

ሁሰርል በ1936 በጻፈው በዚያ ጽሑፍ የሚለው እንዲህ ነው። ጂኦሜትሪ ከሰማይ አልወረደም። ከእርሱ በፊት መሬት የሚለኩ፣ ድንበር የሚያካልሉ፣ እንጨት የሚያለሰልሱ ሰዎች ነበሩ። ፍጹም ቀጥ ያለው መስመር የተወለደው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ከዚያ ቀመሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል፤ መጀመሪያ ያስገኘው አስተያየት ግን ከሥሩ ይቀበራል። ይህን መቀበር በጀርመንኛ የጠራበት ቃል የወንዝ ደለል ሲከማች የሚባልበት ነው። አቃቂ ወንዝ ሲሞላ የሚያመጣውን ደለል አይታችሁ ከሆነ ምን እንዳለ ይገባችኋል። እኔ በየቀኑ የምጠቀምበት የማዕዘን ቀመር በደለል የተሞላ ጉድጓድ ሆኖ ታየኝ። ውኃው ከየት እንደመነጨ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ይህን ካነበብኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ፤ በእኛ በ1990ዎቹ መጨረሻ። ከተማዋ ወደ እርሻው እየሰፋች ነበር። አንድ ሜዳ እንድንለካ ተላክን፤ ከምኖርበት ብሎክ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ አይሆንም። ሁለት ቀን ነጥብ ወስደን ካርታውን አወጣን። የሚታረሰውን «እርሻ»፣ ቤቱን «ቤት»፣ ዛፉን «ዛፍ» እያልን ጻፍን። መሐል የቀረውን ስፍራ ምን እንደምለው ሳላውቅ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩበት። በመሥሪያ ቤታችን የተለመደ ቃል ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት የጎደለች ነጥብ ልወስድ ስመለስ፣ ሽማግሌው ገበሬ ዱላውን ተደግፎ ጠበቀኝ። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውም ከእኔ አያንስም። ወረቀቱን እንዳሳየው ጠየቀኝና የልጅ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበለት።

«ባዶ ማለት ምንም የሌለበት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ና» ብሎ በፊቴ ሄደ።

እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ክብ ቦታ ላይ ቆመና በዱላው መሬቱን መታ መታ አደረገ። አውድማ ነው፤ በየዓመቱ በእበት እየተለቀለቀ ነው እንዲያ የሆነው። ነጥብ ወስጄበታለሁ፤ ከዙሪያው ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ሁሉ አውቄ ነበር። ዝቅ ወዳለው ወሰደኝ፤ ጥጆች ከእናቶቻቸው ተለይተው ቀትርን የሚያሳልፉበት ነው። ቀጥሎ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች፤ ሬሳ ተሸካሚዎች ትከሻ የሚቀያየሩበት። ከዚያ ሴቶች ኩበት የሚያሰጡበት ወገብ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገና ምንም ሳይል አለፈ። እኔም አልጠየቅሁትም። ተመልሰን ወደ መሣሪያዬ ስንደርስ፣ ያ ሁለት ቀን የሠራሁበት ሜዳ የማላውቀው አገር ሆኖብኝ ነበር።

ሁሰርል በመጨረሻ ዘመኑ፣ በ1935 ቪየናና ፕራግ ላይ ካደረጋቸው ንግግሮች ተነሥቶ ስለ አውሮፓ ሳይንስ ቀውስ የጻፈው ስለዚህ ነገር ነው። ከጋሊሊዮ ወዲህ ዓለም በቁጥርና በቅርጽ ተሰፍቶ የሐሳብ ልብስ ለበሰች ይላል። ልብሱ ልክክ ብሎ ስለተሰፋ፣ ልብሱን ገላዋ ነው ብለን ተቀበልነው። ከልብሱ ሥር ያለችውን፣ ሳንለካት የምንኖርባትን ዓለም የሕይወት ዓለም ይላታል። ሳይንቲስቱም ቁጥሩን የሚያነበው በዚያችው ዓለም ውስጥ ቆሞ ነው። አያቶቻችን መሬትን በጥማድ ሲለኩ፣ ልኩ ሁለት በሬና አንድ ገበሬ በአንድ ቀን የሚያርሱት ነበር። ብዙውን ጊዜ ሩብ ሄክታር ያህል ይባላል፤ ነገር ግን ዳገቱ፣ አፈሩ፣ የበሬው ጉልበት ልኩን ይለውጠዋል። ለእኔ ለተማርኩት ይህ ጉድለት ነበር። ጥማድ ግን ስለ መሬቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን ስለ ድካሙም ይናገራል፤ ካሬ ሜትር ይህን አይችልም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወጣት ሆናችሁ ይህን ስትሰሙ «እንግዲያው መለኪያ ይጥፋ፣ ወደ ጥማድ እንመለስ» ማለት ያምራችሁ ይሆናል። እኔም ሽማግሌው እንደዚያ የሚል መስሎኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። እርሱ ግን፣ «ስንት ካሬ ሆነ ልጄ?» አለኝ። ነገርኩት። በዱላው አፈር ላይ እየጫረ አሰበው። ካሳው በካሬ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ በእኛ ከየካቲት 25 ቀን 1967 በፊት፣ መሬቱ በአዋጅ ከባለርስት እጅ ከመውጣቱ በፊት፣ አባቱ የሚያርሰው በሌላ ሰው ገመድ እየተለካ ነበር። «ገመዱ የጌታው ነበር» አለኝ፤ «ያንተ መሣሪያ ለማንም አያዳላም ይላሉ።» ቁጥሩን ይፈልገዋል፤ አውድማው እንዲጻፍለትም ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ የፈለገ ሰው፣ ብዙ የፍልስፍና ተማሪ የሚያመልጠውን ነገር ይዟል ብዬ አምናለሁ። ሁሰርልም የጠላው ሳይንስን ሳይሆን መነሻውን የረሳ ሳይንስን ነው።

እዚያው ሆኜ «ባዶ» የሚለውን ሰርዤ «አውድማ፣ የጋራ ግጦሽ፣ መተላለፊያ» ብዬ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ተጣርቶ የወጣው ካርታ ላይ በዚያ ቦታ አንድ የኮድ ቁጥር ብቻ ነበር። ተከራክሬያለሁ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በዚያን ጊዜ ሦስት ልጅ አሳድግ ነበር።

ከሁሰርል ቀጥሎ በዚህ መንገድ ስለሄዱት ስለ ሌሎቹ ጥቂት ልበል። ማርቲን ሃይደገር የሁሰርል ረዳት የነበረ ነው። በ1927 ባወጣው መጽሐፍ፣ ዕቃ መጀመሪያ የሚገለጥልን በሥራ ውስጥ ነው አለ። መዶሻ የያዘ ሰው የሚያየው ሚስማሩን ነው፤ መዶሻው ትዝ የሚለው ሲሰበርበት ነው። እኔ ይህን ከቱንቢ ገመድ ተምሬዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አላየሁትም፣ የተበጠሰ ቀን ግን ዓለም ሁሉ ገመድ ሆነ። ሃይደገር በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ፤ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊም ነበር። በዚያው ዓመት በዘሩ አይሁዳዊ የነበረው ሁሰርል ከዩኒቨርሲቲው ተገለለ። ጥልቅ አሳቢ መሆን ከዚህ አለማዳኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ መጽሐፉን ከማንበብ ግን አልተውኩም።

ከእርሱ ይልቅ ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ኤዲት ሽታይን ነው። እርሷም የሁሰርል ረዳት ነበረች፤ የዶክትሬት ጽሑፏ የሌላውን ሰው ስሜት እንዴት እንደምናውቅ የሚመረምር ነው። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ የእናትየውን ፊት ስታዩ፣ ሐዘኗን ከእንባዋ ተነሥታችሁ አታሰሉትም፤ ታዩታላችሁ። ሆኖም የእርሷ እንጂ የእናንተ አይሆንም። ይህን ልዩነት እንደ እርሷ አጥርቶ የለየ አላነበብኩም። ኋላ መነኮሰች፤ በ1942 አውሽቪትስ ላይ ናዚዎች ገደሏት። ሁሰርል ራሱ በ1938 ነው ያረፈው። ከእርሱ የቀረውን 40,000 ገጽ የሚያህል በአጭር ጽሕፈት የተጻፈ ወረቀት፣ ቫን ብሬዳ የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ ከጀርመን አሽሽቶ ቤልጅየም ሉቨን አስገባው። ያ መነኩሴ ባይደርስ ኖሮ እናንተም በዚህ ርዕስ ላይ ባልተፈተናችሁ ነበር።

ሞሪስ ሜርሎ ፖንቲ ደግሞ በ1945 ባወጣው ሥራው ገላን ወደ ፍልስፍና አስገባ። ዓይነ ስውር ሰው በትሩን የሚያውቀው እንደ ዕቃ አይደለም፤ የሚዳስሰው በበትሩ ጫፍ ነው ይላል። መብራት ሲጠፋ እጃችሁ ክብሪቱን ከመደርደሪያው ላይ ሄዶ የሚያነሣው በምን ካርታ ነው? እናንተ የት እንዳለ ብትጠየቁ ታመነታላችሁ፤ እጃችሁ ግን አያመነታም።

አንድ ሁለት ነገር ደግሞ እንደ አሮጌ ሰው ልቆጣ። «ለእኔ እንዲህ ይሰማኛል፣ የእኔ እውነት ነው» ማለት ሥነ ክስተት አይደለም። የምትጽፉት ሌላው ሰው አንብቦ «አዎ፣ እኔም ዘንድ እንዲህ ነው የሚገለጠው» ወይም «አይደለም፣ ተሳስተሃል» ሊል የሚችለው መሆን አለበት። ቀያሽ ነጥቡን ሌላ ቀያሽ ተመልሶ እንዲያገኘው አድርጎ ነው የሚመዘግበው። ሁለተኛው፣ የዘመድ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳነብ ሰጥቶኝ ስልቱ ፌኖሜኖሎጂ ነው ይላል። ዐሥራ ሁለት ሰው አነጋግሮ፣ ያሉትን በርዕስ በርዕስ ከፍሎ አስቀምጧል። ቃለ መጠይቅ ጥሩ ነገር ነው፤ በየጤናውና በየትምህርቱ ጥናት ቃሉ እየተለጠፈበት ሲመጣ ግን አረፋዋን መሐል ያስገባ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ደግሞም የእኛው የሰምና ወርቅ ልማድ አለ። ነገር ሲነገረን ሰሙን ገፍፈን ወርቁን ለማግኘት እንቸኩላለን፤ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እንላለን። ለቅኔ መልካም ነው። በዚህ ትምህርት ግን የሚጠየቀው ሰሙ ላይ መቆየት ነው፤ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ምን እንደሚሸት፣ በጣት ሲነኩት ምን እንደሚል። ለእኛ ከባዱ ይህ ይመስለኛል።

ሥራ ያስገኛል ወይ? በቀጥታ አያስገኝም። ይህን ለልጅቱም አልደበቅኋትም፤ እናቷ ብትሰማኝ ዳቦው የመጨረሻው በሆነ ነበር።

ሰጥቻት የሄደችው አንድ የቤት ሥራ ነው። ዘወትር ከምታደርጊው ነገር አንዱን ምረጪ፤ በአንድ ገጽ እንዴት እንደሚገለጥልሽ ጻፊ። «ምክንያቱም» የሚል ቃል አይግባበት፤ ከሃንድአውቱ የተወሰደ ቃልም አይግባበት። መጀመሪያ በጣም ቀላል መሰላት።

በሳምንቱ መጣች። ውኃ ጠፍቶብን የሰነበተበት ጊዜ ነበርና፣ የጻፈችው ከታች ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቶ አራተኛ ፎቅ ስለ ማውጣት ነው። መጀመሪያው መሥመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ባዶውን ይዤ ስወርድ ደረጃ የለም። ሞልቼ ስመለስ ደረጃው ይጀምራል።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን «የስበት ኃይል ወደ ታች ስለሚጎትተው» የሚል አገኘሁና በእርሳስ አከበብኩት።

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ? የሚጎትተው እኮ እሱ ነው።»

«ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስትደርሺ ስበት ነው የምታገኚው?»

አኮረፈችኝ መሰል፣ ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። በሩን ሳልዘጋው ቆየሁ። ደረጃውን በፍጥነት ስትወጣ ይሰማኛል፤ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ እግሯ ቆመ።